አርባ ሳይሞላው

የቡሄ ዋዜማ በአያቴ ቤት አሥር ሙልሙል ይጋገር ነበር። ልጆቿ ግን ሰባት ናቸው። እኔና የአክስቶቼ ልጆች ይህን ሒሳብ ለብዙ ዓመት ሳንመረምረው ኖረናል፤ ለልጅ የዳቦ ትርፍ ጥያቄ ሆኖ አያውቅምና። ሰባቱን ሙልሙል ለሰባቱ ልጆቿ በየስማቸው ለይታ ታስቀምጣለች፤ አግብተው ሌላ ቀበሌ የገቡትም ቢሆኑ ድርሻቸው አይቀርባቸውም። ሦስቱን በሰፌዱ ጠርዝ ለብቻ ታኖራለች። የማንንም ስም አትጠራባቸውም። ማታ ችቦው ተለኩሶ፣ የጅራፉ ጩኸት ከመንደር መንደር ሲያስተጋባ፣ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጃፏ ሲደርሱ ቀድማ የምታወጣላቸው እነዚያን ሦስቱን ነበር።

ቤታችን በፋርታ ወረዳ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ በጥቅምት ውርጭ የሚጥልበት ደጋ። ከጓሮ ከኮሶው ዛፍ ሥር ሦስት ድንጋዮች ነበሩ። ከብት ሲያስሩባቸው፣ ልጅ ሲቀመጥባቸው አያቴ ትቆጣለች፤ ለምን እንደምትቆጣ ግን አትናገርም። ‹‹የቤቱ ናቸው፣ ተዉዋቸው›› ብቻ ነው መልሷ። እርሷ ካረፈች በኋላ ነው እናቴ የድንጋዮቹንና የሙልሙሎቹን ሒሳብ አንድ ላይ የነገረችኝ። ሁለቱ ሲወለዱ ያላለቀሱ ናቸው፤ አንዷ ዘጠኝ ቀን የቆየች። አያቴ ‹‹ስንት ወለዱ?›› ተብላ ስትጠየቅ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ‹‹ሰባት›› ስትል ኖራለች።

ይህን የማነሣው የቤቴን ገመና ለአደባባይ ላውጣ ብዬ አይደለም። ለቅሶን እንደኛ አገር የሚያውቅ ሕዝብ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ አንድን ሞት ብቻ ለይቶ ያለ ለቅሶ እንዴት ተወው? በእውነትስ ትቶታል? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲመላለስብኝ ኖሯል፤ ከአራት ዓመት ወዲህ ደግሞ ወደ እኅቴ አልጋ ድረስ መጣ። ወደዚያው እደርሳለሁ።

የደቡብ ጎንደር ሰው ሐዘንን በሥርዓት ያውቃል። መርዶ በማለዳ ይረዳል፤ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ አልቃሿ የሟቹን ዘርና ሥራ እያነሣች ሙሾ ታወርዳለች፤ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ በየቀናቸው ይታሰባሉ። የቤተ ክህነቱም ትምህርት ቢሆን ከዚሁ ምድር ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ሁሉ ምስክር ለመሆን የሚሄደው በደቡብ ጎንደር ወደሚገኘው ወደ ዙር አምባ ነው፤ ቅዱስ ያሬድም ይህን ዜማ የደረሰው እዚያው እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል። መዋሥዕት ደግሞ ለሙታን የሚደርስ ዜማ ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያ ካህን ሙታንን የሚሸኝበት ዜማ በምስክርነት የሚጸናው አያቴ ከኖረችበት ምድር ነው ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ዜማ ግን አንዲት ሐረግ ስንኳ በሦስቱ ድንጋዮች ላይ አልተሰማችም።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ወደ ገነት ገቡ ይላል፤ የእኛ ሕፃናትም በዚያው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ። ፍትሐት የሚደርሰው በክርስትና ስም ስለሆነ፣ ስም ያልወጣለት ሕፃን የሚጠራበት የለውም። ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ካገኘው ቀኑ ሳይደርስ እንዲጠመቅ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች። ነገር ግን የመንደራችን ሌሊት፣ የጉና ዝናብና የቄሱ ቤት ርቀት ይህን ፈቃድ ስንት ጊዜ እንዳስቀሩት አዋላጅ የነበሩ አሮጊቶች ይነግሯችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሕክምናው ዓለም የጨቅላ ሞት የሚለው ከልደት እስከ 28ኛው ቀን ያለውን ነው። 28 ቀን ከአርባም ከሰማንያም ያንሳል። ስለዚህ ባለሙያዎች ጨቅላ ብለው የሚቆጥሩት ሞት ሁሉ፣ በድንገት ከተጠመቁት በቀር፣ በእኛ ሥርዓት ከክርስትና በፊት የሚውል ሞት ነው። የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው ቁጥር፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት በአማራ ክልል በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 47ቱ ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል። ሞተው የተወለዱት በዚህ ውስጥ የሉም። እንግዲህ ስንት ጓሮ ድንጋይ እንዳለው አስቡት።

ሕጉም የራሱ ደጃፍ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት ከቆየ ለመኖር የሚችል ሆኖ እንደተወለደ ይቆጥረዋል። ከዚያ በፊት ከሞተ፣ ሞቱ ከተፈጥሮው ድካም በቀር በሌላ ምክንያት መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ለመኖር የማይችል ነበር ብሎ ይገምታል። የሕግ ሰዎች ይህ ለውርስ ክርክር የተበጀ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው፤ እኔም በሕጉ አልፈርድም። ሆኖም በቤተ ክህነት 40 እና 80 ቀን፣ በሕግ 48 ሰዓት እየተባለ የሰውነት ደጃፍ ሲለካ፣ የእናቲቱን ልክ የጠየቀ አልነበረም። የአባቴ እድርም የራሱ ልክ ነበረው። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ጥሩንባ አይነፋም፤ ድንኳንም አይወጣም። በአንጻሩ በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ ተወልዶ ካለቀሰ በኋላ የሞተ ሕፃን ስም ይወጣለታል፤ ታጥቦና ተከፍኖ፣ ሶላት ተሰግዶበት ይቀበራል። አያቴ ይህን ታውቅ ነበር፤ ‹‹የእነርሱስ ደግ ነው›› ማለቷን እናቴ ታስታውሳለች።

የሚያለቅስላቸው የለም ማለት ግን ያልታዘነላቸው ናቸው ማለት አይደለም። ሐዘኑ በአደባባይ ቦታ ሲያጣ ሌላ መግቢያ ፈለገ፤ ከገባባቸውም አንዱ ስም ነው። ካሣ፣ ካሣሁን፣ ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ይኑር፣ ያቆየው የሚሉትን ስሞች አስቡ። በየቤቱ ከእነዚህ ስሞች በፊት አንድ ስም የሌለው አለ፤ ካሣ የሚባል ልጅ ባለበት ቤት የሚካስ ጉዳት ደርሶ ነበር። መቼም የደብረ ታቦርን ታሪክ ላነበበ ይህ ስም እንግዳ አይደለም። ከየጁ መሳፍንት በኋላ በዚያች ከተማ ችሎት ያስቻሉት ሁለቱ ነገሥታት፣ በጋፋት መድፍ ያስቀለጡት ዐፄ ቴዎድሮስና ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሣ ነበር፤ ካሣ ኃይሉና ካሣ ምርጫ። ለእነርሱ ስሙ የወጣው በሞተ ወንድም ምክንያት ነው እያልሁ አይደለም፤ ካሣ በሌላም ምክንያት ይወጣል። እንዲያው ግን የዙፋን ስም ከመያዙ በፊት በቤት ውስጥ የሚጠራው ስም የእናቶች ስም እንደሆነ ማሰብ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው መግቢያ ብራና ነው። ክታብ አይተው የሚያውቁ አንባብያን በፈረስ ላይ ተቀምጦ በጦር አንዲትን ሴት የሚወጋ ቅዱስ ሳያዩ አይቀሩም። ቅዱሱ ሱስንዮስ፣ የተወጋችውም ውርዝልያ ናት። ታሪኩ አጭር ነው። ሱስንዮስ ሚስት አግብቶ ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ ውርዝልያ ገብታ ሕፃኑን ገደለችው፤ እናቲቱ ጮኸች። ሱስንዮስ ጩኸቷን ሰምቶ ምን ሆንሽ ብሎ ጠየቃት፤ ከነገረችውም በኋላ ፈረሱን ጭኖ፣ ጦሩን ይዞ ገዳይቱን ፍለጋ ወጣ። በመንገድ ያገኛት አሮጊት አመለከተችው፤ ደርሶም ወጋት። ውርዝልያም ስሙ ከሚጠራበት ቦታ ላትደርስ ማለች።

ይህን ጸሎት እንደ ባዕድ አምልኮ ቆጥረው የሚንቁት አሉ፤ የደብተራ ንግድ የሚሉትም አሉ። እኔ ግን ታሪኩን ደጋግሜ ባነበብሁ ቁጥር የምቆመው ከጦሩ ላይ ሳይሆን ከጩኸቷ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የጨቅላ እናት ትጮኻለች፤ ባሏም ይሰማታል፤ ምን እንደሆነች ይጠይቃታል፤ ነገሩን ከቁም ነገር ቆጥሮ ፈረስ ይጭናል። ‹‹ደም ነው፣ ገና ሰው አልሆነም›› አይላትም። በአያቴ ዘመን ለነበረች ሴት ይህን ያህል የተደረገላት በብራና ላይ ብቻ ነው። ክታቡ ባለቤቲቱን በቁመቷ ልክ ተለክቶ ይቆረጣል፤ የክርስትና ስሟም በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ ሌላዋ ስትወርሰው የፊቱ ስም ተፍቆ የእርሷ ይጻፋል። በ1924 ዓ.ም. ጎንደር የሰነበተው የፈረንሣዮች የምርምር ቡድን ሰብስቦ የወሰዳቸው ክታቦች ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምም አሉ። ሊቃውንቱ ሥዕሉን ያጠኑበታል። በእነዚያ ብራናዎች ላይ እየተፋቁ የተጻፉት የሴቶች ስሞች ግን በማኅፀናቸው ያለው እንዲጸና፣ የወለዱት እንዲቆይላቸው የለመኑ ሴቶች ስሞች ናቸው።

ሦስተኛው ሾተላይ ነው። ልጅ የማይቆይላት ሴት ሾተላይ አለባት ይባላል፤ ቃሉ ሾተልን ያስታውሳል፤ ከውስጥ የሚቆርጥ። ዛሬ ቃሉ ከሐኪም ቤት ገብቶ ሌላ ትርጉም አግኝቷል፤ የእናቲቱ ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣው ጠንቅ በአማርኛ ሾተላይ ይባላል። ሐኪሞቹ ቃሉን መምረጣቸው አለምክንያት አይደለም፤ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለዚህ መከላከያ መርፌ አለ፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ። መርፌው ሕፃኑ ሞቶ ለተወለደባትም፣ ፅንስ ለጨነገፈባትም ያስፈልጋል። ባዶ እጇን በዝምታ ወደ ቤቷ የተሸኘች ሴት ስለ ደሟ ዓይነት የነገራት ከሌለ፣ የዝምታው ዕዳ ገና ላልተፀነሰው ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ጉዳዩ የማጽናናት ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአማራና በኦሮሚያ ገጠር አያቶችን፣ እናቶችንና ያላገቡ ልጃገረዶችን አነጋግሮ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው ‹‹በጓሮ ያሉ ያልተሰሙ ነፍሳት›› እንደ ማለት ነው። ሳነበው የአያቴን ኮሶ ያየ ሰው የጻፈው መሰለኝ። እኛ ብቻ ነን ብለን የደበቅነው ነገር የአገር ነገር ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ሐኪም ቤቱ ልምጣ። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ያወቀችው ቀደም ብላ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ሚሲዮናውያን በዚያ ሕክምና ይሰጡ ነበር። ከተማዋ ዛሬ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የጤና ተማሪዎችን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት። ሆኖም የጉና ሥር ሴት ለመውለድ ወደዚያ የሄደችው ዘግይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2005ም እዚያው 5 ላይ ቆሙ፤ በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 አደጉ። በአንድ ትውልድ ውስጥ ልደት ከቤት ወደ ተቋም ተሰደደ ማለት ይቻላል። ይህ ታላቅ በጎ ነገር ነው፤ የስንት እናት ነፍስ ተርፎበታል።

ልደት ሲሰደድ ወጉን ይዞ ነው የሄደው። ጤና ጣቢያዎች እናቶችን ለመሳብ ገንፎ ማገንፋት፣ ቡና ማፍላት ጀመሩ፤ ከሩቅ የመጡት የሚሰነብቱባቸው የእናቶች ማቆያ ቤቶች ተሠሩ። የአራስ ቤት ወግ ሐኪም ቤት እንዲገባ የፈቀደ ሰው ብልህ ነው። ሞትም ግን ከልደት ጋር አብሮ ተሰድዷል። በቤት ሳለ ምንም ቢደበቅ ኮሶ ነበረ፤ ድንጋይ ነበረ፤ ገላዋን የምታጥብ፣ ወገቧን በመቀነት የምታስር አክስት ነበረች። ሐኪም ቤቱ ገንፎውን አስገብቶ እዝኑን ከደጅ አስቀረው።

እኅቴ የዛሬ አራት ዓመት ከክልሉ ሆስፒታሎች በአንዱ ወለደች፤ ስሙን አልጠራም። ስትገባ መንደሩ ሁሉ ‹‹ማርያም በሽልም ታውጣሽ›› ብሎ ሸኝቷታል። ሕፃኑ ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ ነበር፤ ሲወለድ ግን ትንፋሽ አልነበረውም። ባለሙያዎቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አልጋዋ ሦስት አራሶች ባሉበት ክፍል ነበርና ሌሊቱን የሰው ልጅ ሲያለቅስ ሰምታ አደረች። ማለዳ የአልጋ ጎረቤቶቿን ሊጠይቁ የመጡ ሴቶች፣ ደንቡ ነውና፣ እርሷንም ‹‹እንኳን ማርያም ማረችሽ›› አሏት፤ አንሶላዋን አይተው ከዚያ ዝም አሉ። ባሏን በኮሪደር ጠርተው ካርቶን ሰጡት። ካርቶኑን በባጃጅ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይዞ ሄደ። የት እንደሄደ አልጠየቀችውም፤ አልነገራትም።

ባለ ነጭ ጋውኗ አዋላጅ ባትኖር ኖሮ ታሪኩ በዚሁ ያልቅ ነበር። ካርቶኑ ከመምጣቱ በፊት፣ ፈረቃዋ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ ወጣቷ ሲስተር እኅቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ‹‹ልታይው ትፈልጊያለሽ?›› ብላ ጠየቀቻት። እኅቴ አልመለሰችም። ሲስተሯም አልቸኮለችም። ኋላ እኅቴ ራሷን ስትነቀንቅላት በፎጣ ጠቅልላ አመጣችውና ክንዷ ላይ አኖረችላት፤ መጋረጃውንም ጋረደችላቸው። አፍንጫው የአባታችን ነበር። ይህን ዛሬ የምናውቀው ያቺ ልጅ ያንን ጥያቄ ስለጠየቀች ነው። ከመመሪያ አግኝታው ይሁን ከልቧ አላውቅም።

በቤት ሦስተኛው ቀን ላይ የእኅቴ ቀሚስ ፊቱ ረጠበ። ወተቷ ነው። ሕፃኑ ቢሞትም ወተቱ ቀኑን ጠብቆ እንደሚመጣ የነገራት ስላልነበረ ደንግጣ አለቀሰች፤ ከወለደች ወዲህ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። እናቴ ነጠላዋን አጥፋ ደረቷን አሠረችላትና ‹‹የእማማም እንዲሁ ነበር፣ የኔ እናት›› አለቻት። የኮሶው ሥር ነገር በቤታችን በግልጽ የተነሣው በዚያ ቀን ነው።

እኛ ብቻ ነን እንዲህ ያደረግነው ብሎ የሚያፍር ካለ አይፈር። በአየርላንድ ያልተጠመቁ ሕፃናት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ኪሊን በሚባሉ ቦታዎች ይቀበሩ ነበር፤ የእነርሱም ምልክት እንደ አያቴ ያለ ድንጋይ ነበር። በእንግሊዝ ሞተው የተወለዱትን ሆስፒታሉ ወስዶ ከሌሎች ጋር በጋራ መቃብር ያስቀብራቸው ነበር፤ ብዙ ወላጆች ቦታውን እንኳ ሳያውቁ አርጅተዋል። እናቲቱ ሌላ ፀንሳ እንድትረሳው ትመከር ነበር፤ ‹‹ምትኩን ይስጥሽ›› የምንለው በሌላ ቋንቋ መሆኑ ነው። ስታንፎርድ ቦርን የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 የሙት ልደት በእናቶች ብቻ ሳይሆን በሐኪሞቻቸውም ላይ ምን እንደሚያደርስ ጻፈ፤ ሐኪሞችም ሐዘኑን እንደሚሸሹት አሳየ። በ1970 ደግሞ በአሜሪካ ኬኔልና ክላውስ ጨቅላ የሞተባቸውን እናቶች አነጋግረው፣ ሕፃኑ አንድ ሰዓት ብቻ ቢኖር እንኳ ሐዘኑ ሙሉ ሐዘን መሆኑን አስረዱ። በ1978 ልጅ የሞተባቸው እንግሊዛውያን ወላጆች ኋላ ሳንድስ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የሆስፒታሎቹን አሠራር ቀስ በቀስ ያስለወጠው የእነዚህ ወላጆች ግፊት ነው። ከዚያ ወዲህ የብዙ አገር ባለሙያዎች ተማክረው እ.ኤ.አ. በ2020 ስምንት የጋራ መርሖዎች አውጥተዋል፤ ከእነዚህም የሐዘኑን ጥልቀት መቀበልና የሞቱን ምክንያት መርምሮ ማስረዳት ይገኙበታል።

የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃም ዝም አላለም። በ2008 ዓ.ም. በተጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ‹‹ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ›› ባለሙያ ማፍራት ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ነበር፤ የእናቶችን ሞት መርምሮ የሚመዘግበው ሥርዓትም ኋላ የጨቅላ ሕፃናትን ሞት እንዲጨምር ተደርጓል። ስለዚህ ዛሬ በሆስፒታል የሞተ ጨቅላ ለምን ሞተ ተብሎ ይጠየቅለታል፤ ይህ አያቴ ያላየችው ነገር ነው። እናቱስ የት አደረች፣ አባቱ ካርቶኑን የት አደረሰው የሚለው ጥያቄ ግን ከቅጹ ላይ የለም።

ፈረንጆቹ የሚያደርጉትን ሁሉ እንቅዳ አልልም። የሕፃኑን እግር በቀለም ማተም፣ ፎቶግራፍ ማንሣት ለአንዳንዷ እናታችን መጽናኛ፣ ለሌላይቱ ድንጋጤ ይሆናል፤ ጠይቆ ነው። እኔ የማስበው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። አንድ አልጋ ከአራሶች ክፍል ውጭ ቢገኝ፤ ለባልየው ካርቶን ሳይሆን ነጭ ጨርቅ ቢሰጠው፤ ስለ ወተቷና ስለ ደሟ ዓይነት ሳትሸኝ ቢነገራት፤ የምትሻ ብትሆን ቄስ ወይም ሼህ ቢጠራላት። ከጭንቁ ሰዓት በፊት የሚደርስ ካህን በስልክ ቢገኝ፣ ቤተ ክርስቲያን የፈቀደችው የድንገት ጥምቀት ከጉና ዝናብ ይልቅ በሆስፒታል ቅርብ ነው። ለካ ገንፎው ሲገባ በጀት አልጠበቀም፤ ሴቶች ናቸው ዱቄቱን ያዋጡት። እዝኑም ቢጠሯቸው የሚመጡት እነዚያው ሴቶች ናቸው።

የእኅቴ ባል ቦታውን የነገራት ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ አብረው ሄዱ። ምን እንዳደረጉ አልጠየቅሁም። ባለፈው ቡሄ እናቴ ሙልሙል ስትጋግር አንዱን ለብቻ በሰፌዱ ጠርዝ አኑራ አየኋት።

በመጋቢት እኅቴን ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የወሰድኋት እኔ ነኝ። ወረፋው ደርሶን ስንገባ ባለሙያዋ ካርዱን ከፈተችና ቀና ሳትል፣

‹‹ስንተኛሽ ነው?›› አለቻት።

እኅቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ካርዱ ተመለሰች።

‹‹ሁለተኛዬ›› አለች።

ባለሙያዋ ጻፈች።